ያልተደፋው ጠበል

ሬሳውን ያገኙት ማልደው ውሃ ሊቀዱ የወረዱ የላይ አምባ ሴቶች ናቸው። ከገበያዋ ከተማ ከቀየት ወዲያ ሜዳው አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት፣ ወደ ምንጩ ከሚያወርደው ቀጭን መንገድ ሥር፣ አንድ ሰው እርከን ላይ በደረቱ ተደፍቶ አዩ። መጀመሪያ ጠጥቶ ያደረ መንገደኛ መሰላቸው። ጠጋ ሲሉ የኋላ ራሱ ተፈርክሷል። ጀሪካናቸውን እየጣሉ ዳገቱን በጩኸት ወጡት።

ሟቹ አወቀ ይባላል። ከአዲስ አበባ የተላከ የውሃ ባለሙያ ነው፤ ሠላሳ ያልሞላው፣ ለማንም ፈገግታ የማይነፍግ ልጅ ነበር። የመጣበት ጉዳይ ግን ፈገግታ የሚያስተርፍ አልነበረም። ላይ አምባ ውሃ የለውም። በ1995 ዓ.ም. መቆፈሪያ መኪና መጥቶ ሜዳው ላይ ጥልቅ ጉድጓድ አወጣ፤ ውሃም ተገኘ። ፓምፕ ሊተከልለት ሲል ግን ከገደሉ ሥር ያለው የታች አምባ ሕዝብ «የላዩን ከሳባችሁት የእኛ ምንጭ ይደርቃል» ብሎ ተነሣ። ሁለቱ መንደሮች ይጋባሉ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ በዚህ ነገር ግን ዱላ እስከ መማዘዝ ደረሱ። ስለዚህ ጉድጓዱ በብረት ክዳን ተቆለፈ፤ የላዩና የታቹ ውሃ አንድ መሆን አለመሆኑን አጣርቶ እንዲናገር አወቀ በቀጣዩ ዓመት በየካቲት ወር መጣ። ሁለቱም መንደሮች የሚጠብቁት የእሱን ቃል ነበር።

ኢንስፔክተር ጥሩሸዋ ከመሐል ሜዳ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ሳጅን ዓምደ ሚካኤል ተጠርጣሪውን በካቴና አስሮ ጠበቃት። ሽመክት የሚባል የታች አምባ ገበሬ ነው። ባለፈው እሑድ ሁለቱ መንደሮች ስለ ጉድጓዱ ባደረጉት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ በሕዝብ ፊት «ውሃችንን የነካ ሰው ከዚህ ገደል አይመለስም» ብሎ ነበር። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ማለት ይኸው ነው። ባለቤቱ ተሾመች እርጉዝ ናት፤ ከእሱ ፈቀቅ ብላ ጋቢዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«የዛተ ሰው ነው፤ ትናንት ከሰዓትም ከቀየት ገበያ ሲመለስ በዚሁ መንገድ ወርዷል» አለ ሳጅኑ። «ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

ጥሩሸዋ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» አለችና ወደ መንገዱ ወረደች።

ይህች ሴት ዝምታ ታበዛለች። ሰው ደግሞ ዝምታ ሲበዛበት ያልተጠየቀውን ይናገራል፤ ብዙ ነገር ያወጣችው በዚህ ነው። እርከኑ ላይ ተንበርክካ ሬሳውን አገላብጣ አየችው። ገላው ደርቆ ግንድ ሆኗል፤ የሞተው ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ገና ሳይመሽ ነው። ከላይ መንገዱ ዳር ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ደግሞ የሟቹ ሰማያዊ ሣጥን ክዳኑ ተገጥሞ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ገደል የሚገባ ሰው ዕቃውን አስተካክሎ አስቀምጦ እንደማይወድቅ ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም። ከውሃ ቀጂዎቹ አንዷን ጠርታ ስለ ድንጋዩ ጠየቀቻት።

«ሸክም የምናሳርፍበት ድንጋይ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ ስንወጣም ያረፍነው እዚሁ ነው። ምንም አልነበረበትም።»

«እርከኑንስ አላያችሁም?»

«ጀሪካን ያዘለ ሰው ከእግሩ ሌላ ምን ያያል?»

እንግዲህ ሰውየው ሞቶ ከወደቀ በኋላ ሣጥኑ ወደ ሆነ ቦታ ሄዷል፤ ከመሸም ተመልሷል። ጥሩሸዋ ይህን ለሳጅኑ አልነገረችውም። ሳጅኑ ሽመክትን ወደ መሐል ሜዳ ሲወስድም አልከለከለችም፤ እዚያው ቢቆይ ሕዝቡ ደም ይፋሰስበት ነበር።

ሬሳውን ለመረከብ ከአዲስ አበባ የመጣችው ጽናት ናት፤ ከአወቀ ጋር በአንድ ቤተ ሙከራ ትሠራ ነበር። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ሣጥኑን ስትከፍተው ግን ልቅሶዋ ቆመ። ውስጡ ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት የላስቲክ ጠርሙሶች አሉ። አንድ በአንድ እየዘቀዘቀች ወደ ብርሃን አነሣቻቸው።

«ቁጥር ሁለትን የሞላው አወቀ አይደለም» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«ለዚህ ምርመራ ውሃ ስንቀዳ ጠርሙሱንም ክዳኑንም ውሃው ውስጥ ነክረን ነው የምንገጥመው። አየር ከገባበት ውጤቱ ይበላሻል። አንድና ሦስትን ይመልከቷቸው፤ አረፋ የለባቸውም። ሁለት ግን እስከ አንገቱ ነው የተሞላው፤ ሰው ለመጠጥ እንደሚሞላው። አወቀ ታሞ እንኳ እንዲህ አይሠራም።»

ጥሩሸዋ ጠርሙሱን ተቀብላ ዘቀዘቀችው። የአየር አረፋዋ ከታች ወደ ላይ ተንሳፈፈች። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ሳጅኑ ካመጣው ምስክር ሁሉ ትበልጥ ነበር።

ከዚያ ወደ መሪጌታ ሀብተ ማርያም ሄደች። ከገደሉ ሥር ያለውን ጠበል የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ነገራቸው ቀጥተኛ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ ብዙም ፊት የማይሰጡ። ጠበላቸው በመሣሪያ ይመርመር መባሉ ከንክኗቸው እንደነበር አልደበቁም። ከጠበሉና ከታቹ ምንጭ በላይ ያለው ቋጥኝ አንድ ነው፤ ሁለቱ ውሃዎች የአንዲት እናት ልጆች ናቸው ይላል አገሬው።

«ልጁ ግን ጨዋ ነበር» አሉ። «በባዶ ሆዱ መጣ፤ ጫማህን አውልቅ ስለው አወለቀ። ጠርሙሱን አለቅልቆ መሬት ላይ ሊያፈስ ሲል ብቻ ነው የተቆጣሁት። ጠበል አይደፋም ልጄ፣ እግር ይረግጠዋል፤ የደፋ ሰው ቤቱ አይቀናም አልሁት። ደንግጦ ወደ ምንጩ መለሰው።»

«ሲቀዳ ማን ማን ነበረ?»

«እኔ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ተገኘ፣ መምህር መኳንንት። መጀመሪያ ከጉድጓዱ ቀዳ፣ ቀጥሎ ከታቹ ምንጭ፣ በመጨረሻ ከጠበሉ። ሽመክት አልነበረም፤ በጉን ነድቶ ገና ሳይነጋ ቀየት ሄዷል።»

መምህር መኳንንት ሳይንስ ያስተምራል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት አልወጣሁም አለ፤ ሁለት ሴቶች ግን በገደሉ መንገድ ሲወርድ አይተውታል። ይህን ስትነግረው ፊቱ ላብ አቸፈቸፈ። ጥሩሸዋ ዝም ብላ ጠበቀችው። ብዙም አልቆየ፤ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ ተማሪዎቹ እንዳያውቁበት ሰው በሌለበት ሰዓት እየወረደ እንደሚጠመቅ ተናገረ። «በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ ሐኪም ቤት ነው እያልሁ የማስተምር ሰው ነኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ያን ዕለት ከአወቀ ጋር ያየው ሰው እንዳለ ስትጠይቀው ማንንም አላየሁም አለ።

የአቶ ተገኘ ቤት ከላይ አምባ ቆርቆሮ ክዳን ካላቸው ጥቂት ቤቶች አንዱ ነው። የድንጋይ ካቡን አልፋ ስትገባ ውሻው ሊቦጭቃት ጥቂት ቀረው። ሊቀመንበሩ ራሱ ሮጦ ያዘው። ሰው አክባሪ ነው፤ የአወቀን ሬሳ ከገደል ያወጣው እሱ ነው፣ በራሱ በቅሎ አስጭኖ። ሽመክት እንደገደለው አልጠራጠርም፣ የታች አምባ ሰው ልቡ ጥቁር ነው አላት። በሚናገርበት ጊዜ በጎቹ ከጣራው አሸንዳ ሥር በተቀመጠ፣ ለሁለት በተቆረጠ የብረት በርሜል ይጠጡ ነበር። በርሜሉን የሞላው በጥምቀት ማግስት ሳይታሰብ የጣለው ዝናብ ነው። አጠገቡ በጎቹ የሚልሱት አሞሌ ተቀምጧል።

ባለቤቱ ዓለሚቱ ጥቁር ለብሳለች። ጥሩሸዋ ማንን እንዳጣች ጠየቀቻት።

«ልጄን ኮከቤን» አለች ዓለሚቱ። «ኅዳር ላይ ነው። ውሃ ቀድታ ስትወጣ ከዚያ መንገድ ተንሸራተተች። ስናነሣት ጀሪካኑ ጀርባዋ ላይ እንደታሰረ ነበር፤ ውሃው አልፈሰሰም።»

ተገኘ ወደ በጎቹ ዞረ። ጥሩሸዋም እናት ናት። እግዜር ያጽናችሁ ብላ ወጣች። ከበር ውጭ ስትደርስ ግን ጽናትን ጠራቻትና ከሦስት ቦታ ውሃ ቅጂልኝ አለቻት፦ ከቤተ ክርስቲያኑ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ከትምህርት ቤቱ ባለ ክዳን ታንከር፣ ከተገኘ የተቆረጠ በርሜል። ምክንያቱን አልነገረቻትም። ጽናት ሦስቱንም በጥንቃቄ ቀዳች፤ ከቁጥር አንድ፣ ሁለትና ሦስት ጋር አድርጋ፣ ከጓደኛዋ ሬሳ ጋር ወደ አዲስ አበባ ሄደች።

ውጤቱ ቶሎ አልመጣም። በዚህ መሐል የዞኑ ዐቃቤ ሕግ ክሱ ተጠናቆ ሽመክት ወደ ደብረ ብርሃን ይላክ ማለት ጀመረ። ታች አምባ ውስጥ የተቀበረ ጠመንጃ ይወለወል ነበር፤ ሽመክት ከተፈረደበት ከላይ አምባ አንድ ወንድ እንጥላለን ብለዋል። ተሾመች ከስንቅ ጋር ሆዷን ይዛ ወደ መሐል ሜዳ ትመላለሳለች። አንድ ቀን በጣቢያው በር ላይ ጥሩሸዋን ይዛ፣ ሳታለቅስ፣ «ልጁ አባቱን በእስር ቤት ሽቦ ነው የሚያየው?» አለቻት። ጥሩሸዋ ዐቃቤ ሕጉን ለምና ጥቂት ቀን አስጨመረች፤ ከተሳሳተች ሥራዋም አብሮ እንደሚሄድ ታውቀዋለች።

ጽናት ውጤቱን ይዛ በተመለሰች በማግስቱ እሑድ ነበር። ቅዳሴ አብቅቶ የሁለቱ መንደር ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ፤ ላይኞቹ በአንድ ወገን፣ ታቾቹ በሌላው። ሽመክት በካቴና መሐል ቆሟል። ጥሩሸዋ ሣጥኑን ከፍታ ሦስቱን ጠርሙሶች ድንጋይ ላይ ደረደረቻቸው። ውስጣቸው ለምርመራ ተወስዶ የተረፈው ነው።

«አወቀ ሲሞት እነዚህ አብረውት ነበሩ» አለች። «ገዳዩ ሣጥኑን ይዞ ሄደ፤ ቁጥር ሁለትን ደፍቶ ሌላ ውሃ ሞላበት፤ ሲመሽም መንገድ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ለምን መለሰው? ሣጥኑ አዲስ አበባ እንዲደርስ ፈልጎ ነው። ቁጥር ሁለት የታቹ ምንጭ ውሃ ነው። ምንጩ ከላዩ ጉድጓድ የተለየ ሆኖ እንዲገኝ የሚፈልግ ማነው? ፓምፑ እንዲተከል የሚፈልግ። ሽመክት ደግሞ እንዳይተከል ነበር የሚዝተው።»

ከታቾቹ ወገን ጉርምርምታ ተነሣ። እጇን አነሣች።

«ጠርሙሶቹ መልካቸው አንድ ነው፤ ቁጥር እንጂ ስም የለባቸውም። ሁለተኛው የምንጩ መሆኑን የሚያውቅ ሲቀዳ የነበረ ሰው ብቻ ነው። የነበሩት ሦስት ናቸው፤ መሪጌታ፣ መምህሩና ሊቀመንበሩ። ሽመክት ያን ጊዜ ገበያ ነበር።»

«እኔንም ትጠረጥሪያለሽ?» አሉ መሪጌታ።

«ጠርጥሬዎት ነበር፣ አባቴ። አሁን ይስሙኝ። ጠበሉና ምንጩ ከአንድ ቋጥኝ እንደሚወጡ እዚህ የማያውቅ ሰው የለም። ምንጩን ለመደበቅ የፈለገ ሰው ጠበሉንም መድፋት ነበረበት፤ አለዚያ ድካሙ ከንቱ ነው። ቁጥር ሦስት ግን አልተነካም። ይህ ሰው የቱ ጠበል እንደሆነ ያውቃል፤ ጠበል እንደማይደፋም ከእርስዎ አፍ ሰምቷል። ፈራ።»

አንዳንዱ አማተበ።

«ቀጥሎ የሞላበትን ውሃ ፈለግሁ። በላይ አምባ በየእንስራው ያለው ውሃ ከየት ነው? ከዚያው ከታቹ ምንጭ። በእሱ ቢሞላው ያው በያው ነው። ወንዙ ደርቋል፣ ኩሬ የለም። የቀረ ውሃ የጣራ ውሃ ብቻ ነው። ታች አምባ አንድም ቆርቆሮ ቤት የለም። ላይ ግን በሦስቱም ሰዎች እጅ የጣራ ውሃ አለ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ገንዳ፣ በትምህርት ቤቱ ታንከርና በሊቀመንበሩ በርሜል።»

ወደ ጽናት ዞረች። ጽናት አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች።

«አረቄ ታወጣላችሁ አይደል? እሳት ሲነካው ቀላሉ ቀድሞ በመቃው ይወጣል፣ ከባዱ ማሰሮው ውስጥ ይቀራል። ውሃም ዓይን የማይለየው ቀላልና ከባድ አለው። ፀሐይ ላይ የከረመ ውሃ ቀላሉ ይተንና ከባዱ ይበዛበታል። የቁጥር ሁለት ውሃ እንደዚያ ሆኖ ነው ያገኘነው፤ ክዳን በሌለው ነገር ብዙ ፀሐይ መትቶታል። የትምህርት ቤቱ ታንከር ክዳን አለው፤ ውሃው አልተነነም። የቤተ ክርስቲያኑ ገንዳ ውሃ ከሲሚንቶው የወጣ ኖራ በዝቶበታል፤ ቁጥር ሁለት ውስጥ ኖራ የለም። ያለበት የቆርቆሮ ዝቃጭና የአሞሌ ጨው ነው። በግ አሞሌ ልሶ ሲጠጣ ጨውን በአፉ ይዞ ይመጣል። ከሦስቱ ውሃዎች ከቁጥር ሁለት ጋር የገጠመው አንዱ ብቻ ነው።»

«ያ በርሜል በካብ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው» አለች ጥሩሸዋ። «ውሻውም ከጌታው በቀር ማንንም አያስጠጋም። አቶ ተገኘ፣ ልሳሳት ብዬ ብዙ ተመኘሁ።»

ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። መጀመሪያ የተጠጋችው ዓለሚቱ ናት። ፊት ለፊቱ ቆማ አየችው። ያን ጊዜ ዱላውን መሬት ላይ ጣለው።

«ለምኜዋለሁ» አለ። «የጨው መለኪያውን ነክሮ ሲያበቃ፣ ጋሽ ተገኘ፣ ሁለቱ አንድ ውሃ ሳይሆኑ አይቀሩም አለኝ። እንግዲያ ጉድጓዱ እንደተቆለፈ ሊቀር ነው። ልጄ የወደቀችበት ቦታ አጠገብ ቆመን ነበር፤ አሳየሁት። እዚህ ነው የሞተችው አልሁት። አዘነልኝ። ግን ውሸት አልናገርም ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።»

ወደ ጣለው ዱላ አመለከተ። «በዚህ መታሁት። ሣጥኑን ቤቴ ወስጄ ሁለተኛውን ጠርሙስ ደፋሁ። ሦስተኛውንም ልከፍት ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሰው ገድዬ ጠበል ለመድፋት ፈራሁ።»

ሳጅን ዓምደ ሚካኤል ካቴናውን ከሽመክት እጅ ፈታ። ሽመክት የተገኘን እጅ ሲያስሩት እያየ አንጓውን ያሻል። ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ከታቾቹ ወገን ግን አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ያለውን ሁሉ ረስተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ታዲያ ውሃው አንድ ነው? ምንጫችን ሊደርቅ ነበር?»

ጽናት ጥሩሸዋን አየቻት። ጥሩሸዋ በአገጯ ንገሪያቸው አለቻት፤ ባይነገር በወደደች።

«አንድ አይደለም» አለች ጽናት። «አወቀ በጨው መለኪያ ብቻ ገምቶ ነው የተሳሳተው፤ ጨዋቸው ተቀራራቢ ነው። ስንመረምረው ግን የጉድጓዱ ውሃ ቅድመ አያቶቻችሁ ሳይወለዱ፣ አየሩ ከዛሬው በቀዘቀዘበት ዘመን የዘነበ ነው፤ በጥልቅ ድንጋይ ውስጥ ነው የሚሄደው። የቋጥኙ ውሃ የቅርብ ዓመታት ክረምት ነው። አይገናኙም። አወቀ ከምንጩ የቀዳው ስለተደፋ፣ ምንጩን ያወቅነው ከዚያው ቋጥኝ በሚወጣው፣ ባልተደፋው ጠበል ነው። ፓምፑ ቢተከል ምንጫችሁን የሚነካው ነገር የለም።» ወደ ተገኘ ዞረች። «አወቀም ይህንኑ ነበር የሚነግርዎት፣ ውጤቱን ቢጠብቁ ኖሮ።»

ተገኘ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሳጅኑ በብብቱ ይዞ ሲያነሣው እንደ በሽተኛ ተደግፎ ሄደ። ጽናት ፊቷን ወደ ጥዱ አዙራ አለቀሰች።

ጥሩሸዋ ሕዝቡ እስኪበተን ቆየች። ጉድጓዱን የሚከፍተው ወረቀት ከዞን እስኪመጣ ገና ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ዓለሚቱ ከሁሉ በኋላ ተነሣች። ማንም እጇን የያዛት የለም፤ ለገዳይ ሚስት ምን እንደሚባል አያውቁም። ቤቷ ገብታ ጀሪካን ይዛ ወጣች፤ በጎቹ ጠዋት የነበረውን ጨርሰዋል፣ እንስራውም ባዶ ነው። ከዚያ እንደ ልማዷ ነጠላዋን አጥብቃ አስራ፣ ልጇ በወደቀችበት መንገድ ወደ ምንጩ ወረደች።